ሳይለኩ የማይናገሩት የሳሪሱ የፍሬን ባለሙያ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስምዎንና ስልክዎን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጻፍኩም፤ ስለ ሥራዎ እንዳልናገር ግን አልከለከሉኝምና ዛሬ የልቤን እጽፋለሁ።

ነገሩ የጀመረው አምና ለገና እናቴን ልጠይቅ ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ነው። መኪናዬ የ2001 ሞዴል ቪትዝ ናት፤ ሁለቱ ልጆቼ ከኋላ ተቀምጠዋል። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማ በር ተነስቶ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ የሚወርድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ጭጋጉ ከብዶ ነበርና ፈርቼ እግሬን ከፍሬኑ ሳላነሳ ወረድኩ። ደብረ ሲና ስደርስ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር መሪው በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ፔዳሉ እግሬን ከታች እየመታ ይመልሰዋል፤ የተቃጠለ ሽታም መኪናዋን ሞላት። ልጆቼን አስወርጄ ጥላ ሥር ለረጅም ጊዜ ተቀመጥን። የዚያን ቀን የተሰማኝን ፍርሃት አልረሳውም።

አዲስ አበባ ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ መኪናዋን በክሪክ እንኳን ሳያነሳ ፍርዱን ሰጠ፦ ዲስኮቹ (ከጎማው ጋር የሚዞሩት፣ ፍሬን ሲያዝ የሚጨበጡት ክብ ብረቶች) ጠመዋል፣ ሁለቱም ይቀየሩ፣ ሾክ አብዞርበሩም አብሮ ይቀየር። የተጠየቅኩት ገንዘብ ከወር ደመወዜ ይበልጥ ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "ከመክፈልሽ በፊት እኒህን ሰው አናግሪያቸው" ብላ ወደ ሳሪስ ላከችኝ።

ጋሼ ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት ጠየቁኝ። "ልጄ፣ የሚንቀጠቀጠው ፍሬን ስትይዢ ብቻ ነው ወይስ ዝም ብለሽ ስትነጂም ነው? መሪው ነው ወይስ መቀመጫሽ?" ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነና በመሪው ላይ ከተሰማ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ዲስኮች እንደሚመጣ፣ ፍሬን ሳይያዝም ካለ ግን ጎማንና ሌላ ነገርን አስቀድሞ ማየት እንደሚገባ አስረዱኝ። ከዚያ ጎማውን ፈትተው ውፍረትን በጥቃቅን የሚለካ መሣሪያ፣ ማይክሮሜትር፣ አወጡ። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥተውኝ ዲስኩን ዙሪያውን ስምንት ቦታ እየለኩ ቁጥሩን እኔን አስጻፉኝ። የእኔ መኪና የፊት ዲስክ አዲስ ሲሆን ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር ነው፤ 16 ሲደርስ ይጣላል። ይህ ወሰን በራሱ በዲስኩ ብረት ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ጋሼ በጨርቅ ጠርገው አሳዩኝ። እኔ የጻፍኳቸው ቁጥሮች ሁሉ ከ17 በላይ ነበሩ፤ እርስ በርሳቸውም እጅግ ተቀራራቢ።

ቀጥለው ሰዓት የሚመስል ባለ መርፌ መለኪያ አስረው ዲስኩን በቀስታ አዞሩት። ዲስኩ ቀጥ ብሎ የሚዞር ከሆነ መርፌው እምብዛም አይነቃነቅም። የእኔ 0.12 ሚሊሜትር ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። ሊያልፍ የማይገባው 0.05 ነው። "አየሽ፣ ዲስኩ አላረጀም፤ አቀማመጡ ነው የተበላሸው" አሉኝ።

ዲስኩን ሲያወጡት ያየሁት ነገር እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ዲስኩና ጎማው ከሚታሰሩበት ብረት፣ ከሞዞው፣ ጋር ተጣብቆ ነበር። ሌላ ቦታ በመዶሻ ሲደበድቡ አይቻለሁ፤ እርሳቸው ግን ዲስኩ ላይ ለዚሁ ሥራ በተበሱ ሁለት ቀዳዳዎች ሁለት ብሎኖች አስገብተው እያፈራረቁ ጥቂት በጥቂት አጠበቁ። ዲስኩ "ጧ" ብሎ በራሱ ለቀቀ። ከሥሩ በአንድ ወገን ብቻ የተቆለለ ቀይ ዝገት ነበር፤ ከወረቀት አይወፍርም። ያ ዝገት ነው ዲስኩን አዘንብሎ ያስቀመጠው። እንዲህ አዘንብሎ የሚዞር ዲስክ በየዙሩ አንድ ቦታው ዲስኩን የሚጨብጠውን የፍሬን ሸራ እየነካ ያልፋል፤ የሚነካው ቦታ ከጊዜ በኋላ ይሳሳል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ይመታል፣ መሪውም ይንቀጠቀጣል። ከዚህም ሌላ ቁልቁለት ላይ ሲግል ሸራው በዲስኩ ገጽ ላይ ያልተስተካከለ ሽፋን ትቶ ነበር። ሰው ሁሉ "ጠመመ" የሚለው ብዙውን ጊዜ እነዚህን ሁለት ነገሮች መሆኑን የተማርኩት በዚያች ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ነው።

ሞዞውን በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ጠረጉት፤ የዲስኩን ገጽና ሸራውን በብርጭቆ ወረቀት አሹት፤ ሸራውን በዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐር የሚንሸራተትባቸውን ደርቀው የነበሩ ፒኖች አጽድተው ሙቀት የሚችል ግራሶ ቀቡ። ዲስኩን አንድ ብሎን ያህል አዙረው መልሰው ሲለኩት መርፌው 0.04 ላይ ቆመ። ሌላውንም ጎማ እንደዚሁ። በመጨረሻ የጎማውን ዳዶዎች በመስቀል ቅርጽ እያፈራረቁ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ በ103 ኒውተን ሜትር አጠበቁ። ዳዶ ያለ መጠንና ያለ ቅደም ተከተል ሲጠብቅ ዲስኩን መልሶ ያዛባዋል፤ ጎማ የሚጠግኑልን ልጆች በጉልበት ሲያጠብቁ ዝም ብዬ አይ የነበርኩ ሰው አሁን አላይም።

የተቀበሉኝ የእጃቸውን ዋጋ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ከተጠየቅኩት አንድ አሥረኛው እንኳን አይሞላም።

ይህን ብቻ ብጽፍ ግን ግማሹን መደበቅ ይሆንብኛል። ከዓመት በላይ ቆይቼ ተመለስኩ፤ ፍሬን ስይዝ ቀጭን የሲጥሲጥታ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ሸራው አልቆ ማስጠንቀቂያው ቀጭን ብረት ዲስኩን መንካት ጀምሯል። ዲስኩ ሲለካ 16.2፤ ገጹም ተጭሯል። እኔ በእርካሽ ለመገላገል "ቶርኖ ቤት ወስደን እናስተካክለው" አልኳቸው። ጋሼ እንቢ አሉ። "ቶርኖ የሚላጨው ከዲስኩ ሥጋ ነው። ጭረቱ እስኪጠፋ ሲላጭ ከ16 በታች ይወርዳል። ቀጭን ዲስክ ሙቀት አይችልም፤ አንቺ ደግሞ ጣርማ በርን የምትወርጂ ነሽ።" በመጀመሪያው ቀን ገንዘቤን አድነውልኛል፤ በሁለተኛው ቀን ገንዘብ አስወጥተውኛል። እኔ ለሁለቱም እኩል አመሰግናለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ የፈረደው በራሴ እጅ የጻፍኩት ቁጥር ነበርና።

አዲሶቹን ዲስኮችና ሸራዎች ራሴ ከሶማሌ ተራ እንድገዛ ላኩኝ፤ ግራና ቀኙ ከአንድ ሥሪት እንዲሆን፣ ወሰኑ የተቀረጸበት መሆኑን እንዳይ አስጠነቀቁኝ። አዲሱንም ቢሆን ሳይለኩ አልገጠሙም፤ ዝገት እንዳይዘው የተቀባውን ዘይት አጥበው አስወገዱ። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጠው በቃሊቲ መንገድ ከ60 ወደ 15 ኪሎ ሜትር አሥር ጊዜ ያህል ለስለስ አድርጌ እንድቀንስ፣ ግን ሙሉ በሙሉ እንዳልቆም አደረጉኝ። አዲስ ሸራና አዲስ ዲስክ የሚለማመዱት እንዲህ ነው።

ምክራቸውንም ላካፍላችሁ። ረጅም ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ማርሽ ቀንሱ፤ ሞተሩ ይያዝላችሁ፤ ፍሬኑን ያዝ አድርጋችሁ ልቀቁት እንጂ አትጫኑበት። ፍሬኑ ግሎ ስትቆሙ በፔዳሉ ላይ እንደተጫናችሁ አትቆዩ። ከመንገድ እንደገባችሁ መኪና እጥበት ወስዳችሁ በጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አታስረጩ። በክረምት ጠዋት ዲስኩ ላይ የምታዩት ስስ ዝገት አያስደንግጣችሁ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ስትይዙ ይጠፋል። የፍሬን ዘይት ግን እርጥበት ስለሚስብ ሳይጎድልም ቢሆን በየሁለት ዓመቱ ይቀየር።

ጋሼ በአንድ ጊዜ የሚይዙት አንድ መኪና ብቻ ነው፤ ስለዚህ መጠበቅ አለ፣ መቀመጫውም አንዲት አግዳሚ ናት። እሑድና በዓል አይሠሩም። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ለእያንዳንዳችሁ እልካለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይከፍታሉ። ከሩቅ የምትመጡ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ድረሱና መኪናዋን ጥላ ሥር አሳርፏት፤ የጋለ ዲስክ አይለኩም።