«በ60 ቀን ቦርጭ ድራሹ ይጠፋል» ለሚላችሁ ሰው ብር ከመላካችሁ በፊት

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ያላችሁ ወገኖች፣ ይህን የምጽፈው 2,500 ብር ከኪሴ፣ ሰላም ደግሞ ከግራ ጉልበቴ ከወጣ በኋላ ነው። በቴሌግራም የሚዞር «የ60 ቀን የቤት ውስጥ ስፖርት» የሚባል የቪዲዮ ጥቅል አለ። ሻጩን በስም አልጠራውም። የቻናሉን ስም ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያይር ዛሬ ብጠራው ነገ ሌላ ሆኖ ይመጣል። አካሄዱን ካወቃችሁ ግን የትኛውንም ስም ለጥፎ ቢመጣ አይሸውዳችሁም።

እኔ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ። ደብረ ብርሃን የገባሁት ባለፈው መስከረም በሥራ ዝውውር ነው። ንብረት ክፍል ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ሞዴል 19 እና የዕቃ ወጪ ደረሰኝ ሞዴል 22 ስቆርጥ እውላለሁ። ማታ ብርዱ ከቤት አያስወጣም። ቆላ ላደገ ሰው የዚህ አገር ምሽት ጋቢ ደርቦ፣ ቆሎ እየቆረጠሙ ስልክ ከመነካካት ሌላ ምን ሥራ አለው? በአራት ወር ውስጥ ሆዴ ቀድሞኝ መሄድ ጀመረ። ለጥምቀት ሸሚዝ ስለብስ ሦስተኛው ቁልፍ ተፈናጥሮ አልጋ ሥር ገባ፤ ተንበርክኬ ስፈልገው ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። በዚያው ሳምንት ማስታወቂያው መጣ። ስልኩ ያየኝ ነው የመሰለኝ።

ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ በግራ አንድ ቦርጫም፣ በቀኝ ሆዱ እንደ በቆሎ ፍሬ የተደረደረ ጎረምሳ። ሥሩ «የደብረ ብርሃን ደንበኛችን» ይላል። ከላይ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አለ፦ «ቅናሹ ሊያበቃ 3 ሰዓት ቀረው»። ከ6,000 ብር ወደ 2,500 ወርዷል ተብሏል። መጨረሻ ላይ በቀይ «ካልቀነሱ ሙሉ ገንዘብዎ ይመለሳል!» የሚል ተጽፏል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ያለ ሞዴል 22 አንድ እስክሪብቶ ከመጋዘን የማላወጣ ሰውዬ፣ 2,500 ብር ለማላውቀው ግለሰብ በቴሌብር፣ ያለ ደረሰኝ፣ በግማሽ ደቂቃ ላክሁ። ሰዓቱ እየቆጠረ ነዋ!

የደረሰኝ ወደ ዝግ ቻናል የሚያስገባ ሊንክ ነው። ውስጡ ዘጠኝ ቪዲዮ አለ። አንዳንዱ ከ700 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ ለማውረድ ሌላ የኢንተርኔት ጥቅል ገዛሁ፤ ይኸም ወጪ ነው፣ ደምሩት። ቪዲዮው ላይ ፈረንጆች በሰፊ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ይዘላሉ፤ በላያቸው ላይ አንድ የአማርኛ ድምፅ ተጭኗል። «ቀጥል! እንዳትቆም! የሚቆመው ሰነፍ ብቻ ነው!» እንግሊዝኛው ከሥር እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል።

የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ተነሣሁ። ጥር ነው፣ ውጭ ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። የምኖረው ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንድ ክፍል ነው፤ ወለሉ ሊሾ፣ ምንጣፍ የለው። የስፖርት ጫማ ስላልነበረኝ ካልሲ ደርቤ ጀመርኩ። መዝለል፣ ወርዶ ፑሽ አፕ፣ ተነሥቶ እንደገና መዝለል፣ ጉልበትን ደረት ድረስ እያነሡ በቆሙበት መሮጥ። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ አፌ ደረቀ። አሥራ አንደኛው ላይ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ያኔ በሩ ተንኳኳ። አከራዬ ናቸው፤ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ከኪዳን እየተመለሱ።

«አንተ ልጅ፣ በዚህ ጠዋት ምንድን ነው የምትወቅጠው?»

«ስፖርት ነው፣ እትዬ።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «እኔ በርበሬ መስሎኝ፤ ለበርበሬውማ ሙቀጫ አውስህ ነበር» ብለው ሄዱ።

በአራተኛው ቀን የቢሮውን ደረጃ መውረድ አቃተኝ፤ መደገፊያውን ይዤ የኋሊት ወረድኩ። ቻናሉ ላይ «ጉልበቴን ያመኛል፣ ጥቂት ቀን ልረፍ ወይ?» ብዬ ጻፍኩ። «የሚያምህ ስቡ ሲቀልጥ ነው፣ ቀጥል» ተባልኩ። እኔም ቀጠልኩ፣ ሞኝ። በዘጠነኛው ቀን አየር ላይ ዘልዬ ስወርድ የግራ ጉልበቴ ቀጭ አለ። እስከ ማታ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ አደረ።

ጤና ጣቢያ ስሄድ ያየኝ ባለሙያ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ጉልበቴ አልነበረም። «ወንድሜ፣ ሽንትህ ቀለሙ እንዴት ነው?» አለኝ። ግራ ገባኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ለዓመታት ቁጭ ብሎ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ከአቅሙ በላይ ሲዘልና ሲወድቅ ጡንቻው ሊፈራርስ ይችላል። ከፈራረሰው ጡንቻ የሚወጣው ነገር በደም ተጉዞ ኩላሊትን ይጎዳል። ምልክቱ ከተለመደው የስፖርት ሕመም ያለፈ ሥቃይ፣ እብጠት፣ የእጅና የእግር መክዳት፣ ከዚያም እንደ ጠላ ወይም እንደ ኮካ የጠቆረ ሽንት ነው። ይህን ያየ ሰው «ነገ ይሻለኛል» ሳይል በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ አለበት። የእኔ ሽንት ደህና ነበር፤ ጉልበቴ ብቻ ነው የተጎዳው። ለስድስት ሳምንት መዝለል ተከለከልኩ።

የእህቴ ልጅ ስፖርት ሳይንስ ይማራል። ቅዳሜ ሊጠይቀኝ መጣና ቪዲዮውን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ እንዳየ ሳቀ። «ጋሼ፣ ይኼኮ ኢንሳኒቲ ነው!»

ቢችቦዲ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ሾን ቲ የሚባል አሠልጣኝ የሚመራው የታወቀ ፕሮግራም ነው አለኝ። ብረት አይፈልግም፣ መሣሪያ አይፈልግም፣ የራስ ሰውነት ይበቃል። ከባድነቱ ያለው በዕረፍቱ ላይ ነው። በተለመደው የኢንተርቫል ስፖርት ሰው ለአጭር ጊዜ ይፋጠንና ረዘም አድርጎ ያርፋል። ይኼ ግን ተገልብጧል፦ ሦስት ደቂቃ ያህል በሙሉ ኃይል፣ ከዚያ ሠላሳ ሰከንድ ዕረፍት። የተሠራውም ቀድሞ የሰውነት ብቃት ላለው ሰው ነው። ሆኖም ዋናው ፕሮግራም ይህን አይደብቅም። መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ ይላል። በመጀመሪያው ቀን የአቅም መለኪያ ፈተና አለው፣ በየሁለት ሳምንቱ ገደማም ይደገማል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ወር መካከል ሙሉ የማገገሚያ ሳምንት አለ።

እኔ በገዛሁት ውስጥ ፈተናውም የለም፣ የማገገሚያ ሳምንቱም የለም። ሰውዬው ቆርጦ ጥሎታል። «60 ቀን ያለ አንድ ቀን ዕረፍት» የሚለው መፈክሩ ከዚያ የመጣ ነው። እኔን ጨርሶ ያበሸቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ልጁ ማዳመጫ ሰክቶ ከሥር ያለውን እንግሊዝኛ አዳመጠልኝ። አሠልጣኙ ሲደክማችሁ ዕረፉ፣ ከዚያ ተመለሱ ይላል። ከጀርባው ከሚሠሩት ውስጥም ጉልበታቸውን ይዘው የሚቆሙ አሉ። ልክ እዚያ ቦታ ላይ ነው የአማርኛው ድምፅ «የሚቆመው ሰነፍ ብቻ ነው!» እያለ የሚጮኸው። በሰው ምክር ላይ ስድብ ደርቦ ሸጠልኝ ማለት ነው።

«የደብረ ብርሃን ደንበኛችን» የተባለውንም ፎቶ ልጁ ኢንተርኔት ላይ ፈለገው። በብዙ የውጭ ገጾች ላይ አለ፣ ባለቤቱም ፈረንጅ ነው። የደብረ ብርሃኗን ተባሴን በካርታ እንኳ አያውቃት።

ስለ ከፍታውም የነገረኝ እሱ ነው፤ ከቆላ ለምትመጡ ይጠቅማችኋል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ትበልጣለች። እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሰው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። እዚሁ የተወለደው ሰውነቱ ለምዶታል፤ ከቆላ ጣርማ በርን አቋርጦ የመጣው ግን ልቡ ይበልጥ ትደክማለች። ይህ ፕሮግራም ለዚህ አገር አየር የታሰበ ነገር አንድም የለበትም። ታዲያ እኔ በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ግድግዳ መያዜ ስንፍና ነበር?

ስለ ምግቡ ትንሽ ልበል። ከቪዲዮው ጋር «የአመጋገብ መመሪያ» ይሰጣችኋል፦ ጠዋት እንቁላልና አጃ፣ ቀን የዶሮ ደረት፣ ማታ እርጎ። ከጥምቀት ማግስት የሚጀመር የ60 ቀን ፕሮግራም ከፊሉ ዐቢይ ጾም ላይ እንደሚያርፍ ያሰበ የለም። አንዲት እህት ቻናሉ ላይ «እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው፣ እንዴት ላድርግ?» ብላ ጠየቀች። እንቁላሉን በፕሮቲን ዱቄት ተኪው ተባለች፣ ዱቄቱንም እኛው እንሸጥልሻለን። ዱቄቱ ዌይ ነው፤ ከወተት የሚወጣ! ባቄላ፣ ምስርና ሽሮ በሞላበት አገር ጾመኛን ወተት ግዢ ይላሉ። ባዶ ሆድ፣ ያለ ውኃ፣ እንዲህ ያለ ስፖርት መሥራት ደግሞ ራሱ አደጋ ነው፤ እሱን የነገራት የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ «ገንዘብዎ ይመለሳል»። ጉልበቴ ከተጎዳ በኋላ ብሬን ጠየቅሁ። ሰባተኛ ገጽ ላይ ያለውን ውል አንብብ አሉኝ። ውሉ ለካ አለ፤ የሚደርሳችሁ ግን ከከፈላችሁ በኋላ ነው። ስልሳውንም ቀን አንድ ሳታጓድሉ መሥራት አለባችሁ። በየቀኑ ከወገብ በላይ ራቁታችሁን፣ ፊታችሁ እየታየ፣ ከፊትና ከጎን ፎቶ መላክ አለባችሁ። በ61ኛው ቀን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ማመልከት አለባችሁ። በሕመም ያቋረጠ «ውሉን በራሱ ፈቃድ እንዳፈረሰ ይቆጠራል»። ወገኖቼ፣ ረጋ ብላችሁ አስቡት። ስልሳውን ቀን ሳያጓድል የዘለለ ሰው ጥቂት ኪሎ መቀነሱ አይቀርም፣ ስለዚህ አይጠይቅም። የተጎዳውና የደከመው ደግሞ መጠየቅ አይችልም። በዚህ ውል ገንዘቡ ሊመለስለት የሚችል ሰው የለም።

ፎቶውስ? እኔ ዘጠኝ ቀን ልኬአለሁ። ያ ሁሉ ፎቶ ስሙን እንኳ በማላውቀው ሰው ስልክ ውስጥ ተቀምጧል። አጥፉልኝ ብዬ ጻፍኩ፤ መልሱ ከቻናሉ መባረር ሆነ። እኔ ወንድ ነኝ፣ ቦርጬን ያየ ይሳቅ። እህቶቻችን ግን ይህን ፎቶ ለማንም ቢሆን፣ ለየትኛውም ዋስትና ብላችሁ እንዳትልኩ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ጥሩ ነው። ግን ማንን ልክሰስ? ንግድ ፈቃድ አላየሁም፣ ደረሰኝ አልያዝኩም፣ ያለኝ የቴሌብር መልእክትና አንድ የግለሰብ ስም ነው። መብቱ በእጄ የነበረው ከመክፈሌ በፊት ነው።

ጨርሶ አትሞክሩ እያልኩ አይደለም። ከባድ ስፖርት ለሚችለው ጥሩ ነው። የሚሸጥላችሁን ሰው ግን ብር ከመላካችሁ በፊት አንድ ሙሉ ቪዲዮና የስልሳውን ቀን ሰሌዳ አሳየኝ በሉት። ሰሌዳው ላይ የዕረፍት ቀን ከሌለ ተዉት። ለማይችል ሰው ቀለል ያለው እንቅስቃሴ የትኛው እንደሆነ ጠይቁት፤ ካላወቀ አሠልጣኝ አይደለም። የገንዘብ ተመላሹን ውል አስቀድሞ በጽሑፍ ይላክላችሁ፣ ደረሰኝም ይቁረጥ። ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ፣ በቅርብ የወለዳችሁም፣ መጀመሪያ ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጫማ አድርጋችሁ ቤታችሁ ውስጥ አሥር ደቂቃ በነጻ ዝለሉ። እኔ ያን አድርጌ ቢሆን 2,500 ብሬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይበቃል ይላል፤ ፈጠን ያለ እርምጃም ይቆጠራል። እኔ አሁን ከሥራ ስወጣ ወደ በሬሳ ወንዝ ወርጄ ዳገቱን እመለሳለሁ፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ሸሚዙ ገና አልተቆለፈም።

ትናንት ማታ የሥራ ባልደረባዬ ያንኑ ማስታወቂያ በአዲስ ስም አሳየኝ። ያው ፈረንጅ አሁን «የአዲስ አበባ ደንበኛችን» ሆኗል። ሰዓቱም እየቆጠረ ነው፤ ቅናሹ ሊያበቃ 3 ሰዓት ቀርቶታል።