ባለ ሁለት ጥቅል ነው ያለኝ ሰውዬ ይስማኝ

ጊታሬ ጉድ ያደረገችኝ ኮምቦልቻ ነው። ሰርግ ላይ። ሙሽሮቹ ከበሩ እየገቡ ነው፣ ሰው እልል ይላል፣ እኔም ሞቅ ይበል ብዬ ድምፁን ትንሽ ጨመርኩ። ጆሮ የሚበሳ ፉጨት መጣ። እጄን ከክሮቹ ላይ አነሳሁ፣ አላቆመም። ክሮቹን በመዳፌ አፈንኳቸው፣ አሁንም አላቆመም። ሚዜው ጆሮውን ይዞ ዞሮ አየኝ። ሳውንድ የያዘው ልጅ ከማዶ በእጁ "ቁረጠው!" ይለኛል። ጃኩን ነቅዬ እስክገላገል ላብ በላብ ሆንኩ።

ጊታሯ እኔ ጋ ከመጣች 14 ወር ሆኗታል። ስለ ቀለሟ፣ ስለ አንገቷ፣ ስለ መቃኛዎቿ የምለው ብዙ የለም። ደህና ናቸው። ከደሴ ብርድ ወርደን ኮምቦልቻ ሙቀት ስንደርስ ክሮቹ ይላላሉ፣ ግን ይሄ የየትኛውም ጊታር ጠባይ ነው። የኔ ጉዳይ ፒካፑ ላይ ነው፣ ከክሮቹ ሥር ሆኖ ድምፃቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ዕቃ ላይ።

ጃፓን የተሠራች አሮጌ ሴሚ ሆሎው፣ ሆዷ በከፊል ባዶ የሆነ ጊታር ናት። ራሷ ላይ የነበረው ስም ተልጦ ጠፍቷል። ከኋላ፣ አንገቷ ገላዋን በሚነካበት ቦታ ባለችው ብረት ላይ የአገሯ ስም ብቻ ተቀርጾ ቀርቷል። ከአዲስ አበባ በ38 ሺህ ብር ገዛኋት። ሻጩ በስልክ ሦስት ነገር ማለልኝ። አንደኛ፣ "ቪንቴጅ ናት።" ሁለተኛ፣ "ፒካፗ ሃምበከር ነው፣ ባለ ሁለት ጥቅል።" ሦስተኛ፣ "ማግኔቱ እንደ ጠጅ ነው፣ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል።"

የመጀመሪያውን ልቀበለው። አርጅታለች፣ ምንም አይባልም። ስለ ሁለተኛው ለመናገር ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

የኤሌክትሪክ ጊታር ድሮ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ እንደ ከበሮ ሆዱ ባዶ ነው። ድምፁ ሞቅ ያለ ነው፣ አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ሲጮህ ግን አብሮ ያጓራል። ሌላው ድፍን ጣውላ ነው። አያጓራም፣ ግን ያ ትንፋሽ የለውም። በ1958 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ጊብሰን ካላማዙ፣ ሚሺጋን ውስጥ ኢኤስ 335 የተባለውን ጊታር ሲያወጣ መሃሉን አገኘው። ከአንገቱ ሥር እስከ ታች ድረስ የሜፕል ግንድ መሃሉ ላይ ሰገሰገበት፣ ግራና ቀኙን ባዶ ተወው። ሴሚ ሆሎው የምንለው ይሄ ነው። የኔዋም የዚያ ዘር ናት፣ የሩቅ ዘመድ ብትሆንም።

ሃምበከር የሚባለው ፒካፕ ደግሞ የጊብሰን ሠራተኛ የነበረው የሴዝ ላቨር ሥራ ነው። ፒካፕ ማለት ማግኔት ላይ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሞ ማለት ነው። ክሩ ሲንቀጠቀጥ ማግኔቱን ያውከዋል፣ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ችግሩ ይሄው ሽቦ የመብራቱንም ጉምጉምታ ይለቅማል፣ እዚህ አገር በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰውን። ላቨር ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንዱን በተቃራኒው አዞረው፣ ማግኔቱንም ገለበጠው። ጉምጉምታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ የክሩ ድምፅ ይደመራል። የፈጠራ መብቱን በ1955 ጠይቆ በ1959 አገኘ። በእነዚያ ዓመታት ገደማ ከተሠሩት ፒካፖች ብዙዎቹ ከሥራቸው "መብቱ ተጠይቋል" የምትል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ዛሬ ሰብሳቢ የሚጋደልባቸው እነሱ ናቸው። የሚገርመው፣ በጊዜው ጠምጣሚው ማሽን ሲሞላ በራሱ የሚያቆም ስላልነበር የዙሩ ብዛት ከፒካፕ ፒካፕ ይለያያል። የአንዱ ድምፅ ይሞቃል፣ የሌላው ስል ይሆናል። ሰው አሁን ያንን ልዩነት በብዙ ሺህ ዶላር ይገዛል።

ከሰርጉ በኋላ ጊታሯን ተሸክሜ ደሴ ፒያሳ፣ ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ጋ ሄድኩ። ጋሼ አምፑ ላይ ሰኩልኝ፣ አፋቸውን ወደ ፒካፑ አስጠጉና "ሃሎ፣ ሃሎ" አሉ። አምፑም "ሃሎ፣ ሃሎ" አለ።

"ልጄ፣ ይሄ ማይክ ነው እንጂ ጊታር አይደለም" አሉኝ።

ስታኞውን አቅልጠው የኒኬል ሽፋኑን አነሱት። አንድ ጥቅል። አንድ ብቻ! ሁለተኛው ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ባዶውን ቁጭ ብሏል። ከላይ ሲያዩት ሃምበከር ነው፣ ስፋቱም ቅርፁም። ድሮ ከጃፓን ከወጡት ርካሽ ጊታሮች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፣ ይሄን በኋላ ነው ያወቅኩት። አየር ባየር ንግድ ሲባል እሰማ ነበር። አየሩ በኒኬል ተሸፍኖ ሲሸጥ ግን ማየቴ ነው።

እንግዲህ ወንድሜ ሻጩ፣ "ባለ ሁለት ጥቅል" ያልከኝ ይሄ ነው? "ከውጭ አይታይም፣ እኔም አላወቅኩም" ትለኛለህ። እሺ፣ ልመንህ። የጠጁንስ ነገር? ማግኔት ጠጅ አይደለም። ተቀምጦ አይጣፍጥም፣ ካልነኩትም ብዙ አይደክምም። ያሮጌ ፒካፕ ውበት ከጠመጣጠሙ እንጂ ከዕድሜው አይመጣም።

ፉጨቱን ግን ጋሼ አስረዱኝ። ሽቦው ተጠምጥሞ ሲያልቅ ሰም ውስጥ ካልተነከረ ልል ይቀራል። አምፑ ሲጮህ ሽቦው ራሱ ይንቀጠቀጣል፣ ያ ተመልሶ አምፑ ውስጥ ይገባል፣ አምፑ ደግሞ የባሰ ይጮሃል። የኒኬል ሽፋኑም ያግዘዋል። "አብሽር" አሉኝ፣ "ወርቁን ሸጦልህ ሰሙን ረስቶት ነው።"

ፒካፑን ሰም ውስጥ ራሴ ልነክር ወሰንኩ። አራት እጅ ሻማ፣ አንድ እጅ ከጧፍ ሠሪ የገዛሁት የንብ ሰም። እሳት ላይ በቀጥታ አይጣድም፣ ይቀጣጠላል። ትልቅ ድስት ውሃ ውስጥ ትንሽ ድስት ማስቀመጥ ነው። ሙቀቱ 65 ዲግሪ ገደማ፣ ከዚያ ካለፈ ሽቦው የተጠመጠመበት ፕላስቲክ ይጣመማል። ሚስቴ ከበሩ ቆማ "የሽሮ ድስቴን ለጊታር?" አለች። መልስ አልነበረኝም። ፒካፑን በሽቦው ይዤ አጠለቅኩት። መጀመሪያ ብዙ አረፋ ወጣ፣ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ወደ 20 ደቂቃ ሲሆነው ጨርሶ ቆመ። አረፋው በሽቦዎቹ መሃል የነበረው አየር ነው።

መልሼ ገጠምኩት። "ሃሎ" አልኩት፣ ዝም። አምፑን እስከ ጥግ ጨመርኩ፣ ፉጨት የለም። ሽሮ ድስቱ ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ማዕድ ቤት አልተመለሰም።

ከሁለቱ ፒካፖቿ አንዱን ብቻ ነው የነከርኩት፣ ክሮቹ ከታች ከሚታሰሩበት አጠገብ ያለውን። አንገቷ ጋ ያለውን ተውኩት። ለምን እንደሆነ ልናገር፣ ይሄን ሁሉ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

የጊታር ድምፅ ይሞታል። ክሩን ትመታዋለህ፣ ይወጣል፣ ይከስማል። አምባሰልን በጊታር ስጫወት ሁልጊዜ የሚያናድደኝ ይሄ ነበር። ባንድ ድምፅ ላይ ቆሞ ማንጎራጎር የሚፈልግ ቅኝት ነው፣ መሰንቆ ያንን በደጋኑ ያደርገዋል፣ እኔ ግን ድምፁ እጄ ላይ እየሞተ ወደሚቀጥለው እሮጣለሁ። አንድ ማታ ቤት ውስጥ፣ አንገቷ ጋ ባለው ፒካፕ፣ አምፑን ሞቅ አድርጌ እየተለማመድኩ ወደ ግራ አንድ እርምጃ ሄድኩ። የያዝኳት ድምፅ አልሞተችም። ቆየች። ቀስ ብላ ወፈረች፣ ልክ ደጋን እንደሚጎተትባት ሆነች። ከደረቴ ጋር የተጣበቀው እንጨት ሲርድ ይሰማኛል። ጣቴን ሳነቃንቅ እንደ አዝማሪ ጉሮሮ ተንቀጠቀጠች።

ይሄ ከፉጨቱ የተለየ ነው። ፉጨቱ የሽቦው ነው፣ ይሄ የሆዷ ነው። ባዶዎቹ ጎኖች የአምፑን ድምፅ ይሰሙና ለክሩ ይመልሱለታል። ሰም አያጠፋውም። የማይፈልገው ሰው ፊቷ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች በኩል ጨርቅ ይጠቀጥቃል፣ የብሉዝ ጊታሪስቱ ቢ ቢ ኪንግ ፎጣ ይከት ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. ጊብሰን በስሙ ያወጣለት ሉሲል የተባለች ጊታር ጭራሽ ቀዳዳ የላትም። ለእሱ መድረክ ልክ ነበር። እኔ ግን ፎጣ አልከትም። መድረክ ላይ ከአምፑ እርቃለሁ፣ ወፍራሙን ድምፅ ትንሽ እቀንሳለሁ፣ ሰርግ ከሆነ የተነከረውን ፒካፕ እጠቀማለሁ።

ጉምጉምታው አለ። አንድ ጥቅል ነዋ። ፍሪጁ አጠገብ ይብሳል፣ ወደ መስኮቱ ዞሬ ስቆም ይቀንሳል። ለምጄዋለሁ አልልም፣ እዞራለሁ እንጂ።

ባለፈው ወር አንድ የባንድ ልጅ "በ45 ሺህ ልውሰዳት" አለኝ። ሰባት ሺህ ትርፍ። ያንን ሻጭ እየረገምኩም ቢሆን አልሰጠሁትም። ውሸታም ነህ ወንድሜ፣ ግን እቃው እኔ ጋ ይቆያል።

ድምፅዋ የማትሞትባትን ቦታ ሲሚንቶው ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጌባት ነበር። ትናንት ሚስቴ ክፍሉን ስትጠርግ አምፑን ወደ ጥግ አዞረችው። ዛሬ ጠዋት ምልክቱ ላይ ቆሜ ብመታ ምንም የለም። ጊታሯን አንጠልጥዬ አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣ ሁለት ወደ ቀኝ እያልኩ ነው።