«ማርሹ ውስጥ ነው፣ አይበላሽም» ተብላችሁ ሳይክል ከመግዛታችሁ በፊት

ያገለገለ የአውሮፓ ሳይክል ገዝታችሁ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ልትመላለሱበት ያሰባችሁ፣ ሻጩ «ማርሹ የኋላ ሞዞው (የጎማው መሃል እምብርት) ውስጥ ነው፤ አቧራ አያገኘውም፣ አይበላሽም» ሲላችሁ ቀብድ አትክፈሉ። ስለ አቧራው እውነቱን ነው። ስለ ዳገቱ ግን ምንም አልነገራችሁም።

ለሆላንድ ከተሞች የተሠራ ባለ 3 ማርሽ ሳይክል የተሰላው ለሜዳ ነው። አምስተርዳም ላይ ዳገት ማለት የቦይ ድልድይ ነው። ያንኑ ሳይክል ከለገሃር ወደ ፒያሳ በቸርችል ጎዳና ይዛችሁ ስትወጡ ወርዳችሁ መግፋት ይመጣል። ምክንያቱ የጥርስ ቁጥር ነው። የፊት ጥርሱ 38፣ የኋላው 16 ቢሆንና ሞዞው የጃፓኑ ሺማኖ ኩባንያ ባለ 3 ማርሽ ኔክሰስ ቢሆን፣ አንደኛ ማርሽ ላይ ፔዳሉን አንድ ጊዜ ስታዞሩ ባለ 28 ኢንች ጎማ 3.8 ሜትር ያህል ይሄዳል። ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞሩ ፍጥነታችሁ በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰውና ሳይክል አንድ ላይ 90 ኪሎ ከሆኑ፣ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚነሳ ዳገት ላይ ይህ ከ330 ዋት በላይ ይጠይቃል። የተወዳዳሪ ጉልበት ነው፤ ሸሚዝ ለብሶ ቢሮ ለሚገባ ሰው አይሆንም። ባለ 8 ማርሹ ኔክሰስ በ38 እና በ19 ጥርስ ሲገጠም ግን አንደኛው 2.3 ሜትር ብቻ ይገፋል፣ በዚያው ዳገትና አዟዟር የሚጠይቀውም 205 ዋት ገደማ ነው።

ይህን ለማወቅ የሻጩ ቃል አያስፈልጋችሁም። አንደኛ ማርሽ ላይ አድርጉት፣ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሱ፣ ባልቦላውን (የጎማውን መንፊያ) ወደ ታች አምጡና ፔዳሉን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩ። ባልቦላው አንድ ዙር ጨርሶ ትንሽ ካለፈ የዳገት ሳይክል ነው። አንድ ዙር ከሩብ ድረስም ያስኬዳል። ወደ አንድ ከሦስት ሩብ ከተጠጋ የሜዳ ሳይክል ነውና ተዉት።

«የኋላ ጥርሱን እናስቀይረዋለን» ሊሏችሁ ይችላሉ። ይቻላል፣ ጥርሱን የያዘው አንድ የሽቦ ቀለበት ነው፣ በካቻቢቴ ይፈነቀላል። ግን 16ቱ በ20 ተቀይሮም ባለ 3 ማርሹ 3 ሜትር ያህል ይገፋል፣ ካቴናውም መርዘም አለበት። ከዚህ በላይ ማቅለል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አምራቹ ለባለ 8ቱ የፊት ጥርስ የኋላውን 2 እጥፍ ገደማ እንዲሆን ይመክራል። ከዚያ በብዙ ሲወርድ የእግራችሁ ኃይል በዝቶ ውስጥ ያሉትን ትናንሽ ጥርሶችና መያዣዎች ይበላል፤ በተለይ ቆማችሁ የምትረግጡ ከሆነ።

መሪው ላይ ያለውን ማርሽ መቀየሪያ አትመኑ፣ እሱ ከሌላ ሳይክል ሊመጣ ይችላል። ሞዞው ላይ የተቀረጸውን አንብቡ፦ «ኤስጂ» (SG) ከሚለው ቀጥሎ፣ በአዳዲሶቹ ደግሞ መጨረሻ ላይ ከሰረዝ በኋላ፣ ያለው 3፣ 7 ወይም 8 የማርሹ ብዛት ነው። በቀላሉና በከባዱ ማርሽ መካከል ያለው ስፋት፣ ማለትም ከባዱ የቀላሉ ስንት በመቶ እንደሚሆን፣ እንደ ቅደም ተከተላቸው 186፣ 244 እና 307 በመቶ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ማጭበርበሪያ እንምጣ። ሻጩ ሳይክሉን ደህና በሚሠራው ማርሽ ላይ አድርጎ ሜዳ ላይ ያስነዳችኋል። እናንተ ግን ዳገት ላይ እያንዳንዱን ማርሽ ጠበቅ አድርጋችሁ ርገጡ። (ስትቀይሩ ፔዳሉን ለአፍታ ማላላት አትርሱ፤ ሳያላሉ መቀየር ደህናውንም ያበላሻል።) ፔዳሉ «ጧ» ብሎ ባዶ ከሄደ «የማርሹ ገመድ ላልቶ ነው» ይሏችኋል። ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ እዚያው አረጋግጡ። ባለ 8ቱን 4ኛ ላይ፣ ባለ 3ቱን 2ኛ ላይ አድርጉ። በባለ 8ቱ ሞዞው ጎን ያሉት ሁለት ቀለም የተቀቡ መስመሮች መግጠም አለባቸው፤ በባለ 3ቱ ደግሞ ዘንጉ ጫፍ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት የሚታየው መስመር በምልክቶቹ መካከል መሆን አለበት። ካልገጠመ የገመዱን ማስተካከያ ማዞር ይበቃል። ገጥሞም የሚያንሸራትት ከሆነ ውስጡ ተበልቷል። ከኋላ ጥርሱ ሥር የዛገ ቡናማ ውሃ ደርቆ ካያችሁም እንደዚያው፣ ዝናብ ወይም የእጥበት ውሃ ገብቶበታል።

የኋላውን ዳዶ ስታዩ ከሥሩ ምላስ ያላቸው ሮንዴላዎች በሁለቱም ጎን መኖራቸውን ተመልከቱ። ጎማ ሲሠራ የሚጣሉት እነሱ ናቸው። ከሌሉ ዘንጉ ይዞራል፣ ገመዱ ይላላል፣ በመጨረሻ የዘንጉ ጥርስ ይላጣል። ዳዶው በ15 ቁጥር ቁልፍ፣ ከ30 እስከ 45 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ነው የሚጠብቀው።

ፍሬን ላይ አትደራደሩ። ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዘው ፍሬን ከእንጦጦ እስከ ሽሮ ሜዳ ባለው ቁልቁለት ይግላል፣ ውስጡ ያለው ግራሶ ይቀጥናል፣ መያዙ ይቀንሳል። ሞዞው ጎን የሚገጠመው የሮለር ፍሬንም በረጅም ቁልቁለት ይደክማል፤ የራሱ ግራሶ አለው፣ የተገኘ ግራሶ አይቀባም። የፊት ጎማው ላይ ቸርኬውን የሚይዝ ወይም የዲስክ ፍሬን ከሌለው ለዚህ ከተማ አይሆንም።

ጎማ ሲፈነዳ የኋላውን ጎማ ለማውጣት የማርሹ ገመድ፣ አንዳንዴም የፍሬኑ ክንድ ቡሎን መፈታት አለበት። ጎሚስታው ይህን ካልለመደ እንዲፈታው አታድርጉ። የጎማውን አንድ ጎን ብቻ አላቆ፣ ካላማዳሪያውን በዚያ ስቦ አውጥቶ እዚያው ይለጥፈው።

የተበላ ሞዞ ርካሽ ነው ብላችሁም አትግዙ። ብዙ ጊዜ የሚቀየረው የውስጡ ክፍል ሙሉውን ነው፣ ቁጥሩም ከነባሩ ጋር መመሳሰል አለበት። እሱን እጃችሁ ሳታስገቡ ዋጋ አትቁረጡ። በዚያው ገንዘብ ማርሹ በውጭ የሆነ፣ የኋላው ትልቁ ጥርስ 34 የሆነ ሳይክል ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ፤ አቧራው ቢያስቸግርም ማንኛውም ሠሪ ያውቀዋል።