ፒችትሪ 2010፦ ከአስር ዓመት በላይ አብሬው ውዬ የታዘብኩት

ቁጥሩ የፈረንጅ ነው። የኛ 2010 መጥቶ ሄደ፣ እሱ ግን አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ እየሰራ ነው። የምሰራው የኤሌክትሪክ ዕቃ አስመጥቶ በጅምላ የሚሸጥ መካከለኛ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ሦስት አካውንታንት፣ ሁለት መጋዘን፣ አንድ ሱቅ። ሰሞኑን አለቃችን "ይሄን አሮጌ ነገር እንተወውና ዘመናዊ ሲስተም እናስገባ" የሚለውን ጨዋታ እንደገና ስላነሱት፣ ሳንተወው በፊት የማውቀውን ልጻፍ ብዬ ነው።

ለማያውቀው ሰው፦ ፒችትሪ አሜሪካ፣ አትላንታ የተወለደ የሂሳብ ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የእንግሊዙ ሴጅ ገዛው፣ ኋላም ስሙን ሴጅ 50 አለው። እኛ ጋ ግን ስሙ አልተቀየረም። ኮሌጁ የሚያስተምረው ፒችትሪ ነው፣ የሥራ ማስታወቂያው ላይም "ፒችትሪ የምትችል" ነው የሚለው። ሴጅ 50 ብትለው ብዙ ሰው የአውቶብስ ቁጥር ይመስለዋል።

ጥሩ ጥሩውን ላስቀድም። ትልቁ ጥቅሙ ሰው ማግኘት ነው። አካውንታንት ሲለቅብን (ይለቃሉ፣ ደሞዛችንን አውቀዋለሁ) አዲስ የመጣችው ልጅ በሁለተኛው ቀን ኢንቮይስ መመዝገብ ትጀምራለች። ሥልጠና የለ፣ ማኑዋል የለ። ይሄን ጥቅም የትኛውም የሶፍትዌር ሻጭ ብሮሹር ላይ አታገኘውም፣ ገንዘብ ግን ነው። ሌላው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ኔት ሲጠፋ እኛ እንሸጣለን።

አንድ ነገሩ ደግሞ ሁሌ ይገርመኛል። ፒችትሪ የበጀት ዓመቱን እስከ 13 ፔሬድ (የሂሳብ ወቅት) ድረስ ከፋፍሎ መያዝ ይችላል። ጳጉሜን አስበው እንዳላደረጉት አውቃለሁ፣ ዓመቱን በአራት አራት ሳምንት የሚከፍሉ ድርጅቶች እነሱ ጋ ስላሉ ነው፣ ግን ለኛ የተሰፋ ነው የሚመስለው። ችግሩ ቀኑ የፈረንጅ ብቻ መሆኑ ነው። የኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል፣ በእነሱ ጁላይ 8 ማለት ነው። እኛ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ስለምናያይዛት ያ ፔሬድ ከኦገስት 7 እስከ ሴፕቴምበር 10 ነው። ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ግን እስከ 11 ይሄዳል፣ ከዚያ እስከ የካቲት ድረስ የወሩ መጀመሪያ ሁሉ በአንድ ቀን ይንሸራተታል። በ2015 ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ይሄን ከመካከላችን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። የመስከረም 30 ሽያጭ በሙሉ ጥቅምት ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ቫቱ ከደረሰኙ ጋር አልገጥም ብሎ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ቢሮ ተቀምጠን ስንደምርና ስንቀንስ ቆየንና፣ በመጨረሻ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር ያየችው ልጅ ናት ያገኘችው።

ደሞዝ በፒችትሪ አልሰራም። የተሰራው ለአሜሪካ ታክስ ነው፤ ቀመሩን በእጁ አስገብቶ የሚያሰራው ሰው አለ፣ እኔ ግን ኤክሴል ይሻለኛል። በ2017 ማብቂያ ላይ ከግብር ነጻ የሆነው ደሞዝ ከ600 ወደ 2000 ብር ከፍ ሲል ኤክሴሉን አስተካክዬ ስጨርስ ሻዬ አልቀዘቀዘም ነበር።

የዕቃ ዋጋ አያያዙ ላይ ግን ተጠንቀቁ። አዲስ ዕቃ ስትከፍት ፊፎ (ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል)፣ ሊፎ (መጨረሻ የገባው ቀድሞ ይወጣል) ወይስ አማካይ ዋጋ ብሎ ይጠይቅሃል። ከኔ በፊት የነበረው ሰው ግማሹን ዕቃ በሊፎ ከፍቶት ሄዷል። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጁ፣ 847/2006፣ ከወጣ ወዲህ ሪፖርት የምንሰራው አይኤፍአርኤስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ ነው፣ እዚያ ደግሞ ሊፎ አይፈቀድም። ዕቃው አንዴ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ደግሞ ምርጫውን ልቀይር ብትለው ፒችትሪ እሺ አይልህም። ስለዚህ አዲስ ኮድ ከፍተን ቆጠራ አድርገን ቀሪውን መጠን አንድ በአንድ አዛወርን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ብሬከርና ሶኬት ነበር የማልመው።

እስካሁን ያልኩት ስለ ሶፍትዌሩ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የኛው ጉድ ነው፣ እና እውነቱን ለመናገር ካየሁት ችግር አብዛኛው ከዚህ ወገን ነው።

ፓስወርድ እንውሰድ። ፒችትሪ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ዩዘር ከፍተህ፣ ማን ምን ማየት፣ ማን ምን ማጥፋት እንደሚችል መወሰን ትችላለህ። ኦዲት ትሬይል የሚባለው ሪፖርት ደግሞ ማን መቼ ምን እንደነካ ያወጣል። ቆንጆ ነው አይደል? እኛ ጋ ሦስታችንም የምንገባው "አካውንታንት" በሚል አንድ ዩዘር ነበር። ፓስወርዱ ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ በቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። አንድ ቀን የ48 ሺህ ብር ኢንቮይስ ጠፋ። ኦዲት ትሬይሉን ከፈትን። አካውንታንት አጠፋው አለን። ሦስታችንም ተያየን።

ባክአፕም እንዲሁ። ባክአፕ ለማድረግ ሌላው ሰው ሁሉ ከፕሮግራሙ መውጣት አለበት። "ቆይ ይቺን ልጨርስ" "ቆይ ደንበኛ አለ" እያልን ነገ ነገ ይሆናል። ሲሰራም የሚቀመጠው እዚያው ኮምፒውተር ላይ፣ ዲ ድራይቭ ውስጥ ነበር። ክረምት ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሃርድ ዲስኩ አብሮ ሄደ፤ ዳታውም ባክአፑም አንድ ላይ። ያተረፈን የገንዘብ ያዧ ፍላሽ ነው፣ ለራሷ ብላ ገልብጣው ነበር፣ ግን 19 ቀን ያለፈው ነው። የ19 ቀኑን ሥራ ከቫውቸርና ከደረሰኝ ቅጂ እንደገና አስገባን። ለዚህ ፒችትሪን ብወቅሰው ሐሰት ነው፣ ብዙ ቀን ባክአፕ አላደረጋችሁም ብሎ የሚያስታውስ መስኮት ራሱ አለው። እኛ ነን ሳናነበው የምንዘጋው።

የደንበኛ ስም ላይም አንድ ነገር ልበል። የምንጽፈው በላቲን ፊደል ነው። ፀጋዬ የሚባል ደንበኛ አለን፣ አንዷ በቲ ጀምራ ጻፈችው፣ ሌላዋ በኤስ፣ ሦስተኛው መጨረሻ ላይ ያለችውን ኢ ዘለላት። ሰውዬው ሦስት ሰው ሆነ። ለእያንዳንዱ ፀጋዬ የዱቤ ጣሪያ ተሰጥቶታል፣ አንዱም ጣሪያውን አላለፈም፣ ሲደመሩ ግን የሱቁን ኪራይ የሚያክል ዕዳ ነው። አሁን ደንበኛ የሚከፈተው በስም አይደለም፣ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። ቲን ቁጥር ፊደል አያምታታም።

ወደ ኢአርፒው (ሽያጩን፣ መጋዘኑንና ሂሳቡን አንድ ላይ ወደሚይዘው ሲስተም) ልምጣ። ከሁለት ዓመት በፊት አለቃችን አንድ ሲስተም አስገብተው ነበር፤ የማን እንደሆነ ስሙን ልተወው። የሻጩ ልጆች መጡ፣ ሱፍ ለብሰዋል፣ ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ፕሮጀክተር ተከሉ። ሁሉም ነገር በቀለም ነው። ሽያጭ በአረንጓዴ ይወጣል፣ ዕዳ በቀይ ይወርዳል፣ በሞባይል ይታያል። ያሳዩን ዳታ ግን የራሳቸው ነው፣ አስር ዕቃና አምስት ደንበኛ ያለበት። እኛ ጋ አራት ሺህ የሚጠጋ ዕቃ አለ። አለቃችን እዚያው ወደዱት፣ ቅድሚያ ክፍያውም በዚያው ሳምንት ወጣ።

ስቶር ኪፐራችን ጋሼ ስብሰባው ላይ አልተጠሩም። መጋዘን ውስጥ 20 ዓመት የሰሩ ሰው ናቸው፣ ቢን ካርዳቸው (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ) ላይ አንድ ስርዝ አታገኝም። ሲስተሙ ከገባ በኋላ ታብሌት ተሰጣቸውና የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ይሄ ነበር፦ "ልጄ፣ ገመዱን የምቀበለው በጥቅል ነው፣ የማወጣው በሜትር ነው። 37 ሜትር ሲቆረጥ የቱ ጋ ነው የምጽፈው?" ከሻጩ የመጣው ልጅ ስልክ ደወለ። "ይሰራል፣ በሚቀጥለው አፕዴት" አለ። አፕዴቱ እስኪመጣ ጋሼ በካርዳቸው ቀጠሉ። የመጋዘኑ ልጆች ደግሞ በታብሌቱ ሙሉ ጥቅል ይቀንሳሉ። እኛ ለማንኛውም ብለን ፒችትሪውን አልዘጋንም። በሦስተኛው ወር ለአንድ ገመድ ሦስት የተለያየ ቀሪ መጠን ነበረን፦ በካርዱ፣ በሲስተሙ፣ በፒችትሪው። ሄደን ቆጠርነው። ካርዱ ልክ ነበር።

ሲስተሙ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ሌላ ቦታ ይሰራ ይሆናል። ከመግዛታችን በፊት ግን ማንም ቁጭ ብሎ "አሁን የሚያመን ምንድነው?" ብሎ አልጠየቀም። የሚያመን ሁለቱ መጋዘን አለመነጋገራቸው ነበር፣ የተገዛልን ግን ባለቀለም ግራፍ ነው። ደግሞ ዋጋው ላይ የሲስተሙ ብቻ ነው የታየው፤ ዳታ ማጽዳቱ፣ ሥልጠናው፣ ዓመታዊ ክፍያው፣ ሁለቱንም እያሰሩ የማምሸቱ ትርፍ ሰዓት የትኛውም ወረቀት ላይ አልነበረም።

ታዲያ ፒችትሪ ስንት ያገኛል? እኔ ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። አንድ ሱቅና አንድ መጋዘን ካለህ፣ ሰዎችህም ጥቂት ከሆኑ፣ ይበቃሃል። ሦስት ቅርንጫፍ ከፍተህ የሁሉንም ስቶክ በዚያው ደቂቃ ማየት ከፈለግህ ግን አትድከም፣ ለዚያ አልተሰራም። 2010ሩ ደግሞ ከሰሪው ድጋፍ ካጣ ቆይቷል፣ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ለመጫን ሲያስቸግር ፐርቫሲቭ የሚባለው ዳታቤዙ ጋር የምትታገለው አንተው ነህ። ተኩሉን የጨመርኩለት ለ13ቱ ፔሬድ ነው።

አሁን እኛ ጋ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ዩዘር አለው። ባክአፕ በየቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው፣ አርብ አርብ ፍላሹ ከቢሮ ወጥቶ ያድራል። ቢጫዋ ወረቀት ተነስታለች። የድሮው ኢአርፒ ሰርቨር ላይ ፕሪንተር ተቀምጦበታል።

ሰኞ ደግሞ ሌላ ሻጭ ይመጣል። አለቃችን አዳራሹን አስጠርገው ነበር። እኔ ለሻጮቹ ደወልኩና ማሳያው መጋዘን ውስጥ ነው፣ በኛ ዳታ ነው፣ የሚጠይቁትም ጋሼ ናቸው አልኳቸው። ፕሮጀክተር ይዘን እንምጣ ወይ አሉኝ። ግድግዳ የለም፣ መደርደሪያ ነው ያለው አልኳቸው።