የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ረቂቅ መገምገሚያ፦ ድርጅታችሁን ለማስገባት ካሰባችሁ

ነፃ ነው፣ ቀርፋፋም ነው። ሆኖም ስለ አንድ ድርጅት፣ ሆቴል ወይም ሥራ አስኪያጅ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ጽሑፍ እንዲወጣ ለሚፈልግ፣ በተለይ የድርጅቱ ሠራተኛ ከሆነ፣ «አርቲክልስ ፎር ክሪኤሽን» ከተባለው የረቂቅ መገምገሚያ የተሻለ በር የለም።

አካውንቱ የሰው እንጂ የድርጅት ስም አይያዝ፤ በድርጅት ስም ማስተዋወቅ የጀመረ አካውንት ይታገዳል። በክፍያ የሚጽፍ ሰው፣ ደመወዝተኛ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛም ጭምር፣ አሠሪውንና ደንበኛውን መግለጽ አለበት፤ ቀላሉ ቦታ የተጠቃሚ ገጹ ነው። ይህ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአጠቃቀም ውሉ ላይ የሰፈረ ግዴታ ነው። ሎጎውን ለጊዜው ተዉት፤ መብቱ የተጠበቀ ምስል ረቂቅ ላይ ስለማይፈቀድ ይነሳል።

ረቂቅ በብዛት የሚወድቀው በቋንቋና በምንጭ ነው። «በዘርፉ ግንባር ቀደም የሆነው ድርጅታችን ለአገር ልማት የበኩሉን አስተዋፅኦ እያበረከተ ይገኛል» ለምሥረታ በዓል መጽሔት ይሆናል። እዚህ የሚፈለገው «አዲስ አበባ ውስጥ ቡና ቆልቶ የሚያሽግ ድርጅት ነው» የሚል ደረቅ ዓረፍተ ነገር ነው። ሙገሳውን ስታወጡ የሚተርፍ መረጃ ከሌለ ዓረፍተ ነገሩም ይውጣ። ጨርሶ ማስታወቂያ የሆነ ረቂቅ «ጂ11» በሚባለው መስፈርት ያለ ውይይት ይሰረዛል፤ ከራስ ድረ ገጽ ተገልብጦ የተለጠፈ ደግሞ በቅጂ መብት ይነሳል።

የባሰው ምንጭ ነው፤ ቋንቋ ይታረማል፣ ያልተጻፈ ነገር ግን ከየት ይመጣል? ጋዜጣ ላይ መውጣት ብቻውን አይበቃም። የጋዜጣዊ መግለጫ ግልባጭ፣ የሥራ አስኪያጁ ቃለ ምልልስ፣ የተከፈለበት ዓምድ፣ የንግድ ማውጫ፣ አንዳቸውም አይቆጠሩም። የሚቆጠረው ከድርጅቱ ጋር ጉዳይ የሌለው ጋዜጠኛ ራሱ አጣርቶ በስፋት የጻፈው ነው። እንዲህ ያለ ሦስት ያህል ከተገኘ ተስፋ አለ፤ ሠላሳ ደካማ ማጣቀሻ መደርደር ገምጋሚውን ከማሰልቸት አያልፍም። የአማርኛ ጋዜጣ ይቻላል፤ ኢንተርኔት ላይ የሌለ የታተመ እትምም ይቻላል፣ ቀኑና ገጹ በትክክል እስከተጠቀሰ ድረስ። ጥር 2016 ዓ.ም. የወጣን ዜና ጃንዋሪ 2016 ብላችሁ ካስገባችሁ ግን የሚያጣራው ሰው ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄዶ ይፈልግና ያጣዋል።

ቅሬታ የሚያስነሳው ጥበቃው ነው። ገምጋሚዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ በተራም አያዩም፤ ወራት ሊወስድ ይችላል። መልሱ ደግሞ አስቀድሞ የተዘጋጀ ጽሑፍ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የትኛው መስመር እንዳስጣለ አይናገርም። «ዲክላይንድ» ከተባለ አስተካክሎ መመለስ ይቻላል፤ «ሪጀክትድ» ከሆነ ግን በዚያው አብቅቷል። ስድስት ወር ያልተነካ ረቂቅ ይሰረዛል።

«በገንዘብ ገጽ እናወጣላችኋለን፣ ዋስትና አለው» የሚሉትን አትመኑ። በ2015 እ.ኤ.አ. «ኦሬንጅሙዲ» በተባለው ጉዳይ 381 አካውንቶች ታግደዋል፤ ረቂቃቸው የወደቀባቸውን እየፈለጉ ያስከፍሉ፣ ገጹ ከወጣ በኋላም «እንጠብቅላችሁ» ብለው ወርኃዊ ክፍያ ይጠይቁ ነበር። ለጎግል ደረጃ ብሎ ሊንክ መሰግሰግም ከንቱ ድካም ነው፤ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ ሊንኮች ሁሉ «ኖፎሎው» ማለትም የፍለጋ ሞተር ለደረጃ እንዳይቆጥራቸው የሚነግር ምልክት ተደርጎባቸዋል።

ጽሑፉ ከጸደቀ በኋላም የድርጅቱ ሰው በራሱ እጅ አይነካካው። የሚለወጠውን ቃል በቃል ከነምንጩ በውይይት ገጹ ላይ በማስተካከያ ጥያቄ ያቅርብ፤ ሌላ አርታኢ አይቶ ያስገባዋል።