የኮሞዶ ድራጎን እና ጎልያድ ታራንቱላ፦ የትኛው እንዴት ያድናል?

የኮሞዶ ድራጎን በእኛ ወንዞች ዳር የሚታየው አርጃኖ ዘመድ ሲሆን የሚኖረው በኢንዶኔዥያ ብቻ ነው፤ በኮሞዶ፣ በሪንካ፣ በፍሎሬስና በአቅራቢያቸው ባሉ ትናንሽ ደሴቶች። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ክብደቱ ከ70 ኪሎ በላይ ይደርሳል። ጎልያድ ታራንቱላ ደግሞ በሰሜናዊ ደቡብ አሜሪካ እርጥብ ደኖች ጉድጓድ ውስጥ የምትኖር፣ እስከ 170 ግራም የምትመዝን፣ በክብደት ከሸረሪቶች ሁሉ የላቀች ናት። እግሮቿ ሲዘረጉ 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናሉ።

ትልቁ ልዩነት አበላላቸው ላይ ነው። ድራጎኑ አጋዘን ወይም የዱር አሳማ አድፍጦ ይይዝና በ60 ገደማ መጋዝ መሰል ጥርሶቹ ይዘነጥላል። ታዳኙን የሚገድለው በአፉ ያለው ባክቴሪያ ነው ሲባል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ግን በታችኛው መንጋጋው የመርዝ ዕጢዎች እንዳሉ አሳየ፤ መርዙ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፣ የደም ግፊትንም ያወርዳል። እስከ ክብደቱ 80 በመቶ የሚሆን ሥጋ በአንድ ጊዜ መብላት ይችላል። ሸረሪቷ ግን ጠጣር ምግብ መዋጥ አትችልም፤ ነድፋ ከያዘች በኋላ የሚያሟሟ ፈሳሽ አፍስሳበት ትመጠዋለች። ወፍ በላ ቢሏትም ዋና ምግቧ የምድር ትል፣ ነፍሳትና እንቁራሪት ነው።

ለሰው አስጊው ያለ ጥርጥር ድራጎኑ ነው፤ ሰው ገድሏል። የሸረሪቷ ንድፊያ ያማል እንጂ አይገድልም። ይልቅ በኋላ እግሮቿ ከሆዷ እየፋቀች የምትበትነው ፀጉር ነው የሚያስቸግረው። ዓይን ከገባ ኮርኒያ (የዓይን ፊተኛው ግልጽ ሽፋን) ላይ ይሰካል፤ ማሸት የበለጠ ስለሚያስገባው በብዙ ውኃ አጥቦ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ቆዳ ላይ ያረፈውን በፕላስተር ለጥፎ ማንሳት ይቻላል።