በእግር የሚረገጠው ፕላስቲክ ወይስ የብየዳ ቤቱ ላሜራ?

በራቸው ላይ የቆሻሻ መጣያ ማስቀመጥ የሚፈልጉ ባለሱቅ ጓደኞቼ "የቱን እንግዛ?" እያሉ ይጠይቁኛል። ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የታኅሣሥና የጥር ጠዋት ብርዷ አይጣል ነው። ጋቢ የተከናነበ ሰው ለሙዝ ልጣጭ ብሎ እጁን አያወጣም። ቀዝቃዛ ክዳን ከሚነካ መንገድ ላይ ጥሎት ያልፋል። ስለዚህ በእጅ የሚከፈተውን እርሱት።

በእግር የሚረገጠው ፕላስቲክ ሲያዩት ርካሽ ነው። መካከለኛውን 2400 ብለውኝ ተከራክሬ በ2000 ገዛሁት። ክረምት ሳይገባ መርገጫው ተሰበረ። መለዋወጫ የለውም። በያጅ በ300 ብር የብረት ዘንግ ቢያስገባልኝም ብረቱ ፕላስቲኩን ቀደደው። መርገጫው ከሄደ ደግሞ ክዳኑን በእጅ መክፈት ሊኖርብን ነው። ፎርጅዱ ይብሳል፤ ጎኑን በአውራ ጣት ሲጫኑት ነጭ መስመር ከሠራ አይግዙት፣ ፀሐይ ቶሎ ያደርቀዋል። ደህናው ፕላስቲክ ለካፌ ውስጥ ከሆነ ግን ይሁን።

እኔ የምመርጠው ላሜራውን ነው። በትእዛዝ 4500 ብር አሠራሁት። ከሁለት ፕላስቲክ ዋጋ በላይ ማለት ነው፣ ግን ቢሰነጠቅ 100 ብር ከፍሎ ማስበየድ ነው። ክዳን የለውም፤ ከላይ ጣሪያ፣ ከፊት ሰፊ አፍ አለው። ሰው ምንም ሳይነካ ወርውሮ ይሄዳል፣ ዝናብም አይገባም።

ስታሠሩ ግን ንቁ። ውፍረቱ 1 ሚሊ ይሁን ብላችሁ አዝዛችሁ ሳሳ ያለ ላሜራ የሚሠራላችሁ አለ፤ ከመቆረጡ በፊት አስለኩ። አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ሁለት ጊዜ ይቀባ፣ በተለይ ብየዳው ላይና ከውስጥ ወለሉ ላይ። ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው። ውሃ እንዲወጣ ወለሉ ይበሳ፣ እግርም ይኑረው።

ንጋት ላይ በባዶ እጃቸው የሚደፉትን የጽዳት እናቶችም አስቡ። ብረት የእጅን ሙቀት ከፕላስቲክ በጣም ፈጥኖ ይስባል። ስለዚህ ውስጡ የሚወጣ የፕላስቲክ ባልዲ ይግባ፣ ባልዲው የሚወጣበት በር እጀታም በውሃ ጎማ ቁራጭ ይሸፈን። ለዚህ ብሎ ዋጋ የሚጨምር በያጅ ካለ አትስማሙ፤ ቁራጩን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ቀብዱ ከግማሽ አይብለጥ። ቀሪውን የምትከፍሉት አንድ ጆግ ውሃ ወለሉ ላይ አፍስሳችሁ ሙልጭ ብሎ መውጣቱን ካያችሁ በኋላ ነው።